ፒኤችዲ ጀምሮ ለመጨረስ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የዶክትሬት ፕሮግራሞቹ የመጡት ከዚያ ቆይቶ ነው። ዛሬ ግን በርካታ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ፒኤችዲ ያስተምራሉ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጊዜ ባብዛኛው አራት ዓመት ነው። በአራት ዓመት የሚጨርስ ግን ብዙ አይደለም።

ተማሪው ኮርስ ይወስዳል፣ ይፈተናል፣ ፕሮፖዛል (የጥናት ዕቅድ) ያቀርባል፣ ዳታ ሰብስቦ ይጽፋል፣ በመጨረሻ በገምጋሚዎች ፊት ዲፌንስ ያደርጋል፣ ማለትም ጥናቱን አቅርቦ ጥያቄ ይመልሳል። በብዙ ትምህርት ክፍሎች ከዲፌንሱ በፊት በታወቀ ጆርናል ማሳተምም ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የሚዘገየው ኮርሱ ላይ አይደለም። ክፍል አልቆ ጠያቂ ሲጠፋ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨርሰው ጥሩ አማካሪ ነው ብል አላጋነንኩም። ስመ ጥር መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ተማሪ የተደራረበበት አማካሪ ጋ አንድ ምዕራፍ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። የሚያዋጣው ቋሚ ቀጠሮ ነው። ከቀጠሮው በኋላ ተማሪው የተስማሙበትን በግማሽ ገጽ ጽፎ በኢሜይል ይላከው፦ ምን ይስተካከል፣ ማን ይሥራው፣ መቼ ይድረስ። ይህች ግማሽ ገጽ «እንዲህ አላልኩም» የሚለውን ክርክር ታስቀራለች።

ሌላው ጊዜ ነው። ከአገራችን የዶክትሬት ተማሪዎች ብዙዎቹ መምህራን ናቸው። ዩኒቨርሲቲያቸው ደመወዝ እየከፈለ ይልካቸዋል፤ እነሱም ተመልሰው ለማገልገል ውል ይፈርማሉ። ደመወዙ ግን ለአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አይበቃም። ስለዚህ የግል ኮሌጅ ያስተምራሉ፣ የማማከር ሥራ ይይዛሉ። ጥናቱ ለሌሊት ይቀራል። ሴቶቹ ላይ ደግሞ የቤቱ ጣጣ ይጨመራል። ለእነሱ በግቢው ውስጥ የሕፃናት ማቆያ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

የስዊድን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት የሆነው ሲዳ ለረጅም ዓመታት የደገፈው የ«ሳንድዊች» አሠራር ይህን ችግር በከፊል ያቃልላል። ተማሪው ጊዜውን በአዲስ አበባና በስዊድን ዩኒቨርሲቲ ያካፍላል። የመስክ ሥራውን እዚህ፣ ላብራቶሪውንና ቤተ መጻሕፍቱን እዚያ ያገኛል። ከሁለቱም ወገን አማካሪ ይኖረዋል። ለጤና ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም ሂናሪ ውድ ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ወይም በትንሽ ክፍያ አስነብቧል።

ብዙ ወራት የሚበላው ሌላ ነገር ዳታ ለመሰብሰብ የሚያስፈልገው የትብብር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይወርዳል። በየደረጃው መዝገብ ቤት ገብቶ ፊርማና ማህተም ይጠብቃል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆነ ሳምንቱ አለቀ ማለት ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ የጥናቱን የሥነ ምግባር ፈቃድ ወዲያው ይጠይቃል። ደብዳቤውንም ለፖስታ አይተወውም፣ ራሱ ይዞ ይዞራል።

የጓደኛንም ነገር መርሳት አይገባም። አንድ ላይ የገቡ ተማሪዎች ምዕራፍ ተለዋውጠው ይተራረማሉ፣ የጠፋውን ደውለው ይፈልጉታል። ከመካከላቸው አንዱ ዲፌንስ ሲያደርግ ሌሎቹ ከኋላ ተቀምጠው የገምጋሚዎቹን ጥያቄዎች ይመዘግባሉ። የራሳቸው ቀን ሲደርስ የሚለማመዱት በእነዚያ ጥያቄዎች ነው።