የኒውክሊዮለስ አደራጅ ምንድን ነው? ጭስ ቆጥሮ ምድጃ አይታወቅም

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጽሑፍ ላይ አየሁት። «ሴሉ ውስጥ አራት ኒውክሊዮለስ ስላለ ተክሉ ቴትራፕሎይድ ነው» ይላል ጸሐፊው፣ ፎቶ ጭምር አስደግፎ። ቴትራፕሎይድ ማለት የክሮሞዞም ስብስቡ አራት የሆነ ማለት ነው። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ኒውክሊዮለስ በሴሉ አስኳል ውስጥ ያለ፣ ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞች የሚሠሩበት ቦታ መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ እሱን እንለፈው። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው።

ማለዳ ዳገት ላይ ቆመን መንደር እያየን ነው እንበል። ከጣሪያዎቹ ጭስ ይወጣል። ጭሱ ኒውክሊዮለስ፣ ቤቱ ክሮሞዞም ነው። ምድጃው ደግሞ የራይቦዞም ጂኖች በብዙ ቅጂ ተደርድረው የተቀመጡበት የክሮሞዞም ቦታ ነው። የኒውክሊዮለስ አደራጅ የምንለው ይህን ቦታ ነው። እንግዲህ የሁለት ቤት ጭስ ከጣሪያ በላይ ይቀላቀላል። ኒውክሊዮለሶችም ይዋሃዳሉ። አራት ሊያሳይ የሚችል ሴል ሦስት ወይም ሁለት፣ አንዳንዴም አንድ ትልቅ ብቻ ያሳያል። ያውም በአንድ ሥር ጫፍ፣ ጎን ለጎን ባሉ ሴሎች።

«ከፍተኛውን ቁጥር ብንወስድስ?» የሚል አይጠፋም። እንውሰድ። አይንኮርን የሚባለው ጥንታዊ ስንዴ 14 ክሮሞዞም (ሁለት ስብስብ) አለው። የማካሮኒው ስንዴ 28 (አራት ስብስብ)፣ የዳቦው 42 (ስድስት ስብስብ)። የሦስቱም ዋና ዋና ኒውክሊዮለሶች ጣሪያ አራት ነው። በአይንኮርን 1ኤ እና 5ኤ፣ በሌሎቹ 1ቢ እና 6ቢ የተባሉት የክሮሞዞም ጥንዶች ናቸው ሥራውን የሚይዙት። ራይ የሚባለው እህል ደግሞ እንደ አይንኮርን 14 ክሮሞዞም ይዞ ከሁለት አያልፍም። ፕሎይዲው (የስብስቦቹ ብዛት) የታል? (እርግጥ የአንዱኑ ተክል ክሮሞዞም ኮልቺሲን በተባለ ኬሚካል እጥፍ ካደረግን ከፍተኛው ቁጥርም አብሮ ያድጋል። ያ ግን ተክልን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው።)

የአደራጁ ነገር ከክሮሞዞም ብዛት ጋር እንዳልሆነ የዘረመል ተመራማሪዋ ባርባራ ማክሊንቶክ በ1934 እ.ኤ.አ. በቆሎ ላይ አሳይተዋል። በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው አደራጅ ለሁለት ተሰብሮ አንዱ ክፍል ወደ 9ኛው ተዛወረ። ሁለቱም ቁራጮች የየራሳቸውን ኒውክሊዮለስ ሠሩ። አንድ ምድጃ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ጨሱ ማለት ነው።

ምድጃ ሁሉ ደግሞ አይነድም። ትሪቲካሌን እንይ። በአገራችንም የሚዘራ የስንዴና የራይ ዲቃላ ነው። የራይው ምድጃ ከነጉልቻው እዚያው አለ፤ ግን የስንዴዎቹ ሲነዱ እሱ ይቀዘቅዛል። ጂኑ አልጠፋም፣ ተዘጋ እንጂ። አዛሳይቲዲን የተባለው፣ ሜቲሌሽንን (ጂንን የሚዘጋውን ኬሚካላዊ ምልክት) የሚያነሳ ኬሚካል ሲሰጠው እንደገና ይነድዳል። «ዲቃላው የራይቦዞም ጂኖቹን አጣ» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚስቱት።

የሚስቱት ብዙውን ጊዜ አደራጁን በማይክሮስኮፕ ለማየት በሚቀቡት ቀለም ምክንያት ነው። ቀለሙ፣ ብር ናይትሬት፣ ጂኑን አይቀባም። ሥራ ላይ በነበረ አደራጅ ላይ የቀሩትን ፕሮቲኖች ነው የሚቀባው። አመድ ውስጥ እጅ ከቶ ማታ የነደደውን እንደመለየት ነው። ፊሽ የሚባለው፣ ጂኑን ራሱን በሚያበራ ምልክት የሚያሳይ ዘዴ ግን ቤት ለቤት ገብቶ ምድጃ ይቆጥራል፣ የቀዘቀዘውንም ጭምር። ሁለቱ ቁጥሮች ቢለያዩ ማንም አልተሳሳተም። 5ኤስ የተባለው ሌላ የራይቦዞም ጂን ደግሞ በአብዛኛው አበባ አብቃይ ተክል ለብቻው ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። እሱን ከአደራጁ ጋር ደምሮ የሚቆጥር ሰውም አጋጥሞኛል።

ቦታውስ? እሱም አይጸናም። በስንዴ ዘመዶች መካከል እነዚህ ጂኖች ከክሮሞዞም ክሮሞዞም ሲዘዋወሩ ጎረቤት ጂኖቻቸው ከቦታቸው አይነቃነቁም። ስለዚህ አደራጁ ሌላ ቦታ ተገኘ ማለት ክሮሞዞሙ ተገለባብጧል ማለት አይደለም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፣ የሚሠራው ራይቦዞም ያው ነው።

ምሳሌዬ የሚሰበርበትን ራሴ ልናገር፦ ጭስ ትርፍ ነገር ነው፤ ኒውክሊዮለስ ግን ሥራው ራሱ የሚካሄድበት ቦታ ነው።

ለማንኛውም የጸሐፊው ፎቶ ላይ ያለው የገብስ ሥር ነው። ገብስ ሁለት ጥንድ ዋና አደራጅና 14 ክሮሞዞም ያለው ዲፕሎይድ፣ ማለትም ባለ ሁለት ስብስብ ነው።