የሽ አቲድ፦ የእስራኤል የመሀል ፓርቲ አነሳስና ዕድሜ

የሽ አቲድ በእስራኤል የመሀል ፖለቲካ ውስጥ ረዘም ያለ ዕድሜ ያገኘ ፓርቲ ነው። ስሙ በዕብራይስጥ «ነገ አለ» እንደማለት ነው። በ2012 ያኢር ላፒድ መሠረተው፤ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድሮ ከ120 የክነሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) መቀመጫዎች 19ኙን ወሰደ። መሪው በ2022 ለስድስት ወር ያህል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛ «መሀል ሰፋሪ» መባል ብዙ ጊዜ ስድብ ነው፤ አቋም የለሽ፣ ነፋሱን አይቶ የሚያዘነብል ለማለት ይውላል። የሽ አቲድንም ከግራም ከቀኝም ያሉ ተቃዋሚዎቹ በዚሁ ይወርፉታል። እስራኤል ውስጥ ግን ግራና ቀኝ የሚለየው በኢኮኖሚ ሳይሆን በዋናነት በፍልስጥኤማውያንና በዌስት ባንክ ጉዳይ ነው። መሀሉ በመርህ ደረጃ ከፍልስጥኤማውያን መለየትን ይቀበላል፤ በጸጥታና በኢየሩሳሌም ላይ ግን ከቀኙ እምብዛም አይርቅም። ላፒድ የዲፕሎማሲ ፕሮግራሙን በ2012 መጨረሻ ይፋ ያደረገው ቴል አቪቭ ላይ አልነበረም፤ ዌስት ባንክ ውስጥ ባለችው አሪኤል በተባለች የእስራኤላውያን ሰፈራ ነበር። የንግግሩን ግማሽ ቦታው ራሱ ተናግሮለታል።

ከእሱ በፊት የመጡት የመሀል ፓርቲዎች ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፦ ፈጥኖ መውጣት፣ ፈጥኖ መውረድ። የአርኪዮሎጂ ሊቅና የቀድሞ ኤታማዦር ሹም የነበረው ይጋኤል ያዲን የመራው ዳሽ በ1977 15 መቀመጫ አግኝቶ የምክር ቤቱ ዘመን ሳያልቅ ተበታተነ። አሪኤል ሻሮን ከቀኙ ሊኩድ ፓርቲ ወጥቶ የመሠረተው ካዲማ በ2006 29፣ በ2009 28 መቀመጫ ነበረው፤ በ2013 ሁለት ብቻ ቀሩት። ለላፒድ ቤት በጣም ቅርብ የሆነው ግን የሺኑይ ፓርቲ ነገር ነው። የያኢር አባት ቶሚ ላፒድ ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፈ፣ አንደበቱ የሰላ ጋዜጠኛ ነበር፤ በ2003 ሺኑይን ይዞ 15 መቀመጫ አገኘና የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። በ2006 መጀመሪያ በተካሄደው የፓርቲው የውስጥ ምርጫ የቅርብ አጋሩ አቭራሃም ፖራዝ የሁለተኛነቱን ቦታ ተነጠቀ። ፖራዝ ወጣ፤ ቶሚ ላፒድም ተከተለው። ከሁለት ወር በኋላ በተደረገው አገር አቀፍ ምርጫ ሺኑይ አንድም መቀመጫ አላገኘም። ልጁ ከዚህ የተማረ ይመስላል፤ ፓርቲው ከተመሠረተ ጀምሮ ከ11 ዓመት በላይ የመሪነት ምርጫ አላደረገም፤ የዕጩዎቹንም ዝርዝር የሚያወጣው መሪው ነው።

የምርጫ ሥርዓቱ አዲስ ፓርቲን ቶሎ ያወጣል፣ ቶሎም ያወርዳል። አገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው፤ የወረዳ ተወካይ የሚባል የለም። መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ በሳጥን ከተደረደሩት ትንንሽ ወረቀቶች አንዱን መርጦ ፖስታ ውስጥ ይከታል። ወረቀቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው የፓርቲው መለያ ፊደል ነው። የሽ አቲድ «ፔ» እና «ሄ» የተባሉትን ሁለት የዕብራይስጥ ፊደላት ይዟል፤ አንድ ላይ ሲነበቡ «ፖ»፣ ማለትም «እዚህ» ይሆናሉ። ወረቀቱ ላይ የግለሰብ ስም መርጦ ምልክት ማድረግ አይቻልም፤ ዝርዝሩ እንዳለ ይወሰዳል ወይም ይተዋል። ስለዚህ ዝርዝሩን የሚያወጣው ሰው በመራጩ ፊትም በዕጩዎቹ ላይም ትልቅ ሥልጣን አለው። መቀመጫ ለማግኘት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ድምፅ በ2013 2 በመቶ ነበር፤ በ2014 ወደ 3.25 በመቶ ከፍ አለ። የሽ አቲድም ያኔ ያለበት ጥምር መንግሥት ነው ያሳደገው።

የፓርቲው አነሳስ ከ2011 የበጋ ሰልፎች አይለይም። መጀመሪያ በኮቴጅ አይብ ዋጋ ላይ አድማ ተመታ፤ በሐምሌ ወር ደግሞ የቤት ኪራይ ያማረራቸው ወጣቶች በቴል አቪቭ ሮትሽልድ ጎዳና ላይ ድንኳን ተከሉ። ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ በመላ አገሪቱ የወጣው ሰው ወደ 400 ሺህ ተገምቷል። ላፒድ ያን ጊዜ የዓርብ ምሽት ዜና አቅራቢና የየዲዖት አሐሮኖት ጋዜጣ ዓምደኛ ነበር። በጃንዋሪ 2012 ጋዜጠኝነቱን ተወና «ገንዘቡ የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ወጣ። ጥያቄው የሚሠራው፣ ግብር የሚከፍለውና ልጁን ለውትድርና የሚልከው የመካከለኛ ገቢ ሰው ጥያቄ ነበር። መልሱም በአብዛኛው ወደ ሃረዲዎች፣ ማለትም ያኔ ከውትድርና ነፃ ወደነበሩት አጥባቂ ሃይማኖተኞች ያመለክት ነበር፤ «ሸክሙን እኩል መሸከም» የሚለው መፈክር ዋና ትርጉሙ ይህ ነው።

ጃንዋሪ 22 ቀን 2013 ፓርቲው ከድምፁ 14.33 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ከገቡት 19 እንደራሴዎች አንዱም ከዚያ በፊት ክነሴት ውስጥ አልነበረም። ላፒድ ከሌላ የቀኝ ፓርቲ መሪ ከናፍታሊ ቤኔት ጋር «አንዱ ያለሌላው መንግሥት አንገባም» ብሎ ተማማለ፤ በዚህም ሃረዲዎቹን ከመንግሥት አስቀረ። እሱ ራሱ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። ይህ ለመሀል ፓርቲ መሪ ከባድ ወጥመድ ነው፤ የኑሮ ውድነትን አወርዳለሁ ብሎ የተመረጠ ሰው የበጀት ጉድለት ተረክቦ የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ግብር መጨመር ይሆናል። በእርግጥም የተጨማሪ እሴት ታክስ በ2013 አጋማሽ ከ17 ወደ 18 በመቶ አደገ።

ሥልጣን በያዘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፌስቡክ ላይ የጻፈው ነገር እስካሁን ይነሳበታል። የመካከለኛው መደብ አርአያ ይሆናሉ ብሎ በሐሳቡ የፈጠራቸውን የሐዴራዋን «ሪኪ ኮኸን» አስተዋወቀ፦ መምህርት ናቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር በወር ከ20 ሺህ ሸቀል ትንሽ የሚበልጥ ገቢ አላቸው፣ የራሳቸው ቤት አላቸው፣ በየሁለት ዓመቱ ውጭ አገር ይሄዳሉ፤ ለልጆቻቸው ግን ቤት መግዛት አይችሉም። ብዙ እስራኤላዊ ይህን አንብቦ «ሪኪ ኮኸንን በሆንኩ» አለ። ፓርቲው ስለማን እንደሚያስብ ከዚያ የበለጠ ያስረዳ ጽሑፍ የለም፤ ችግሩም እሱ ነበር። አዲስ ቤት ለሚገዙ ቤተሰቦች ታክሱን ዜሮ ለማድረግ ያቀደው ሕግም ሳይጸድቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ በዲሴምበር 2014 ከሥልጣን አባረረው። በማርች 2015 ምርጫ ፓርቲው ወደ 11 መቀመጫ ወረደ፤ ከድምፁ የተወሰነውን በኑሮ ውድነት ጉዳይ የመጣ ሌላ የመሀል ፓርቲ፣ የሞሼ ካሕሎን ኩላኑ፣ ወሰደበት።

የሽ አቲድ ለምን እንደ ሺኑይ አልሞተም? አንደኛ፣ ተቃዋሚ ሆኖ በቆየበት ጊዜ በየከተማው ቅርንጫፍና በጎ ፈቃደኞች አደራጀ። ሁለተኛ፣ ጥምረት ሲገባ እንኳ ሕጋዊ ሰውነቱን አላፈረሰም። በፌብሩዋሪ 2019 ከቀድሞው ኤታማዦር ሹም ከቢኒ ጋንትዝ ጋር «ሰማያዊና ነጭ» (ካሖል ላቫን) የተባለውን ዝርዝር ሲመሠርት ላፒድ የመጀመሪያውን ቦታ ለጋንትዝ ለቆ ሁለተኛ ሆነ፤ የሽ አቲድ ግን ራሱን የቻለ ፓርቲ ሆኖ ቀጠለ። ዝርዝሩ በሦስት ተከታታይ ምርጫዎች 35፣ 33 እና 33 መቀመጫ አገኘ። በማርች 2020 ጋንትዝ ከኔታንያሁ ጋር ሊሠራ ሲወስን ላፒድ ሰዎቹንና ድርጅቱን ይዞ ወጣ። ስሙ ለጋንትዝ ቀረ፤ ቅርንጫፎቹ ግን ለላፒድ።

በ2021 ምርጫ 17 መቀመጫ ይዞ ከሊኩድ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። መንግሥት የመመሥረቱ ተራ ሲደርሰው ላፒድ በእስራኤል ፖለቲካ ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ሰባት መቀመጫ ላለው ለቤኔት የመጀመሪያውን የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዙር ሰጠ። ስምንት ፓርቲዎች፣ ከቀኝ ጫፍ እስከ አረባዊው ራዓም ድረስ፣ በአንድነት ቆሙ። የጊዜ ገደቡ ሊያልቅ ከግማሽ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ሲቀረው ለፕሬዚዳንቱ ደወለ፤ ጁን 13 በ60 ለ59 ድምፅ መንግሥቱ ጸደቀ። በስምምነቱ ውስጥ የገባች አንዲት አንቀጽ ነበረች፦ የአንደኛው ወገን እንደራሴዎች ክነሴቱ እንዲፈርስ ምክንያት ከሆኑ የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ለሌላው ወገን ይሄዳል። በ2022 ከቤኔት ወገን አባላት ሲሸሹ አንቀጿ ሥራ ላይ ዋለች፤ ላፒድ ጁላይ 1 ቀን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በዚያ አጭር ጊዜ ከሊባኖስ ጋር የባሕር ወሰን ስምምነት ተፈረመ።

በኖቬምበር 2022 ፓርቲው ብቻውን ተወዳድሮ ካገኘው ሁሉ የሚበልጠውን፣ 24 መቀመጫ፣ አገኘ፤ ሥልጣኑን ግን አጣ። እስራኤላውያን አንድ ትልቅ ፓርቲ የአጋሮቹን ድምፅ ሲወስድ «ጠጣቸው» ይላሉ። የግራው ፓርቲ ሜሬትዝ 3.16 በመቶ አግኝቶ በ4 ሺህ ገደማ ድምፅ ብቻ ከገደቡ በታች ወደቀ፤ ድምፁም በሙሉ ባከነ። ላፒድ ሌላው የግራ ፓርቲ ሌበርና ሜሬትዝ አንድ ዝርዝር እንዲያቀርቡ ለምኖ ነበር፤ የሌበር መሪ ሜራቭ ሚካኤሊ እምቢ አሉ። ቢሆንም የራሱ ፓርቲ እስከ መጨረሻው ቀን መራጭ መሳቡን አልተወም፤ ይህን ሒሳብ ያልተሠራበት ስስት የሚሉ ብዙ ናቸው፣ አባባላቸውም መሠረት አለው። የሁለቱ ጎራዎች ጠቅላላ ድምፅ እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ኔታንያሁ 64 መቀመጫ ያዘ።

ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የሽ አቲድ የተለየ ታሪክ አለው። በ2013 ሁለት በኢትዮጵያ የተወለዱ እንደራሴዎችን አስገብቷል፦ ሺሞን ሰለሞንን እና ፕኒና ታማኖ ሻታን። ታማኖ ሻታ በሦስት ዓመቷ በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ የመጣች፣ የሕግ ባለሙያና የቴሌቪዥን ዘጋቢ የነበረች ናት፤ ክነሴት የገባች የመጀመሪያዋ በኢትዮጵያ የተወለደች ሴትም እሷ ናት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ክነሴቱ ግቢ ውስጥ ደም ልትለግስ ስትሄድ ኢትዮጵያ ለተወለዱ ሰዎች በወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ምክንያት ደሟ እንደሌላው ሰው እንደማይወሰድ ተነገራት። ነገሩን ይበልጥ መራራ ያደረገው የጤና ሚኒስትሯ ያኤል ጌርማን የራሷ ፓርቲ አባል መሆናቸው ነው፤ እሳቸውም መመሪያው መለወጥ እንዳለበት ተናገሩ። በ2015 መቀመጫው ሲያንስ ሁለቱም ሳይገቡ ቀሩ። ታማኖ ሻታ በ2018 በለቀቀ እንደራሴ ምትክ ተመለሰች፤ በ2020 ግን ጋንትዝን ተከትላ ከላፒድ ተለየችና የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትር ሆነች። በኢትዮጵያ ተወልዶ ሚኒስትር የሆነ ከእሷ በፊት አልነበረም።

የውስጥ ምርጫው በመጨረሻ የተካሄደው በማርች 2024 ነው። የቀድሞው የስለላ ድርጅቱ የሞሳድ ምክትል ኃላፊ ራም ቤን ባራክ ላፒድን ተገዳደረ። ብዙዎች የይስሙላ ይሆናል ያሉት ድምፅ ሲቆጠር ላፒድ 308፣ ቤን ባራክ 279 አገኙ።