የጠላ ዕቃዎች፦ ምርጫና አያያዝ

ጠላ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለማኅበርና ለዝክር በየቤቱ የሚጠመቅ የእህል መጠጥ ነው። እንደ አካባቢው ከገብስ፣ ከስንዴ፣ ከዳጉሳ፣ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ይዘጋጃል፤ ብቅልና ጌሾ ግን ከየትኛውም አይቀሩም። ሰው ስለ ጥሩ ጠላ ሲጨዋወት የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ የጌሾውን ምሬትና የብቅሉን ጥራት ነው። ዕቃው የሚታወሰው ጠላው ከሆመጠጠ በኋላ ነው። መታወስ የነበረበት ግን ከሁሉ በፊት ነበር። በልማዱ ወደ ጥንስሱ ከገበያ የተገዛ እርሾ አይገባም፤ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጡት ረቂቅ ሕዋሳት ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከመጥመቂያው ግድግዳ ይመጣሉ። ዕቃ የሚመርጥ ሰው እርሾውንም አብሮ እየመረጠ ነው።

ዋናው ዕቃ ጋን ነው። ሆዱ የሰፋ፣ አፉ የጠበበ፣ መቀመጫው ክብ የሆነ ትልቅ ሸክላ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ እምብዛም ከቦታው አይነሣም። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ዙሪያውን ድንጋይ ካልተደረገለት ሲሞላ ያዘነብላል። ለጥቂት ቤተሰብ ለሚጠምቅ ሰው ግን እንስራ ይበቃል። እኔ ጀማሪን የምመክረው በእንስራ እንዲጀምር ነው፤ ትልቅ ጋን ገዝቶ ግማሹን ብቻ መሙላት ለጠላው ጥሩ አይደለም። ከላይ የሚቀረው ሰፊ ክፍት ቦታ አየር ይይዛል፤ አየር ባለበት ደግሞ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይበረታሉ።

ሸክላ ሲገዛ ዓይን ብቻውን አይበቃም። ዕቃውን ከመሬት ትንሽ አንሥቶ በጣት መገጣጠሚያ ማንኳኳት ያስፈልጋል። በደንብ የተተኮሰና ያልተሰነጠቀ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ የታፈነ ነው። ሥራዋን የምታውቅ ሸክላ ሠሪ ሲንኳኳባት አትቀየምም፤ እንዲያውም ራሷ አንኳኩታ ታሰማለች። ከዚያ ውኃ ሞልቶ ማሳደር ነው። ውጪው በእኩል ወዛ ካለ ችግር የለውም፤ ወዙ ጠላውን ቀዝቀዝ አድርጎ ይይዘዋል። በአንድ መስመር ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ይመለስ። ያገለገለ ጋን የሚገዛ ሰው ደግሞ አፍንጫውን ይመን፤ ቅቤ ወይም ላምባ የተቀመጠበት ሸክላ ሽታውን በቀዳዳዎቹ መጥጦ ስለሚይዝ ምንም ቢታጠብ አይለቅም። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ሥራ ላይ አይውልም፤ አለበለዚያ ጠላው አፈር አፈር ይላል።

ዕቃው በግራዋ ቅጠል ደጋግሞ ይታሻል፣ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፣ ደርቆ ይታጠናል። ማጠን ቀላል ይመስላል እንጂ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የደረቀ የወይራ ፍልጥ ፍም ላይ ይደረግና እንዳይነድ እየተጠበቀ እንዲጨስ ይተዋል፤ ዕቃው ከላዩ ይደፋል። ጢሱ ሆዱን ሞልቶ ግድግዳው ለእጅ እስኪሞቅ ይቆያል። ከዚያ ቶሎ ይገለበጥና ጢሱ ሳይወጣ የተወቀጠው ጌሾና ውኃው ይገባል። ጢሱ ለጠላው መዓዛውን ይሰጠዋል፣ የሚያበላሹትን ተህዋስያንም ያዳክማል። ነበልባል ከተነሣ ግን ጠላው ጥላሸት ጥላሸት ይላል።

በከተማ የፕላስቲክ በርሜልና ባልዲ ሸክላውን በብዛት ተክተዋል። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ በእኔ እምነት ጥፋቱ ፕላስቲክ መሆኑ ሳይሆን የትኛው ፕላስቲክ እንደሆነ አለመጠየቁ ነው። ቀለም፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የመጣበት በርሜል ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም፤ ጠላ አሲድና አልኮል ስላለው የተመጠጠውን መልሶ ያወጣዋል። ለምግብ የተሠራና ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር 2 የታተመበት ይሻላል። ውስጡ የተቧጨረ ከሆነ ይቅር፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይደብቃል። ዚንክ የተለበጠ ብረትም ለጠላ አይሆንም፤ አሲዱ ዚንኩን ያሟሟዋል። ፕላስቲክ የሚታጠነው ከፍሙ ራቅ ተደርጎ ነው፤ ካልሆነ ይጣመማል።

የጋን አፍ በድሮው ልማድ በጭቃ ይመረጋል። ፕላስቲክ ሲሆን ሰው ክዳኑን አጥብቆ ያሽገዋል፤ ይህ አደገኛ ነው። ድፍድፉ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ መውጫ ያጣ ጋዝም ዕቃውን ነፍቶ ሊያፈነዳው ይችላል። ክዳኑ ትንሽ ላላ ይበል፤ አረፋው እንዳይገነፍልም ከላይ ሩብ ያህል ቦታ ይተው።

የቀሩት ዕቃዎች ከማንኛውም ወጥ ቤት አይጠፉም፦ አሻሮና እንኩሮ (የሚቆላው እህልና በውኃ ርሶ የሚታመሰው ዱቄት) የሚታመስበት ምጣድ፣ ለጌሾው ሙቀጫና ዘነዘና፣ ወንፊት፣ ረጅም የእንጨት ማማሰያ፣ ለማጥለያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ። ጨርቁ በሳሙና ሳይሆን በፈላ ውኃ ቢታጠብ ይመረጣል፤ የሳሙና ሽታ ጠላው ውስጥ ይቀራል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ፣ ዕቃውን ደግሞ ለቤት ቢራ ጠማቂዎች ከሚሸጡ መደብሮች ያገኛሉ። እዚያ ቢራን በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ ሲሆን፣ ጣሪያው ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን (378 ሊትር ገደማ)፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን ነው፤ መሸጥ አልተፈቀደም። ከመደብሩ ዕቃ ውስጥ ለጠላ የሚመቸው 5 ጋሎን የሚይዘው አንገተ ጠባብ ጠርሙስ አይደለም፤ ወፍራሙ ድፍድፍ አያልፍበትም፣ አተላውም አይወጣም። አፈ ሰፊው ባለ ክዳን ባልዲ ይሻላል። ክዳኑ ላይ የምትሰካው ውኃ ያዘለች ትንሽ ቱቦ ጋዙን እያስወጣች አየር አታስገባም። አረፋ መትፋቷ ሲቀዘቅዝ ጠላው ለመጥለል እየደረሰ ነው።