ከተማ ለቆ መውጣት፦ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ሽርሽር

የአዲስ አበባ ነዋሪ ልጆቹን፣ ጎረቤቱንና ወዳጅ ዘመዱን ይዞ ከከተማው ወጣ የሚልበት ጉዞ በአብዛኛው የአንድ ቀን ነው፤ ቢበዛ ሁለት ሌሊት ያድራል። መድረሻው ሐይቅ፣ ፍልውሃ ወይም ደን ይሆናል። ስንቁ ከቤት ይጫናል፣ መኪናው በኮንትራት ይያዛል፣ ወጪው በመዋጮ ይሸፈናል። የዚህ ልማድ ዋና ጎዳና ከቢሾፍቱ እስከ ሐዋሳ የሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ነው። ይሁንና ሰው ለመልክዓ ምድሩ ብቻ ብሎ አይወጣም። ሰኞ ዕለት ቢሮ ገብቶ የሚያወራው ስለ ሐይቁ ሳይሆን ማን እንደጨፈረ፣ ማን መንገድ ላይ እንዳስመለሰው፣ የማን ዶሮ ወጥ ቀድሞ እንዳለቀ ነው። ሽርሽሩን ከማኅበርና ከንግሥ በዓል ለይቶ ማየት የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ አደረጃጀቱ ሁሉ የተቀዳው ከዚያው ነው።

ከፍልውሃው እስከ ባቡሩ

ዋና ከተማዋ ራሷ የሽርሽር ልጅ ናት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከተራራው ብርድ ሸሽተው ወደ ፍልውሃው እየወረዱ ይታጠቡ፣ ድንኳን ተክለውም ይሰነብቱ ነበር። እቴጌይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት ተሠራ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች።

ተራው ሕዝብ ግን ከቀዬው የሚወጣው በሁለት ምክንያት ነበር፦ ዘመድ ለመጠየቅና ንግሥ ለመሳለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል፣ መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ዝቋላ አቦ። በሙስሊሙም ዘንድ ወደ ባሌው ድሬ ሼክ ሁሴን የሚደረገው ጉዞ እንዲሁ ቤተሰብ ተጠራርቶ የሚሄድበት ነው። አስተባባሪ መምረጥ፣ ስም መመዝገብ፣ ስንቅ መከፋፈል፣ መንገዱን ሁሉ እየዘመሩ መሄድ ከእነዚህ ጉዞዎች የተወረሰ ነው። ዛሬም የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጽዋ ማኅበራት አውቶቡስ ይዘው ወደ ደብረ ሊባኖስ ሲወጡ፣ ከጸሎቱና ከጉብኝቱ በኋላ ሣር ላይ ክብ ሠርተው ምሳ የሚበሉበት ሰዓት ከሽርሽር የሚለየው በመዝሙሩ ብቻ ነው።

የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማና አዋሽ የጣቢያ ከተሞች ሆኑ፤ ቆላውና ሐይቁም ቀረቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በቢሾፍቱ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ከተማዋም ደብረ ዘይት የተባለችው በእርሳቸው ዘመን ነው። ሁለቱም ስም እስካሁን በሰው አፍ ላይ አለ። የሶደሬ ፍልውሃና የላንጋኖ ዳርቻ የታወቁት ቆየት ብሎ፣ አስፋልቱ ወደ ደቡብ ከዘለቀ በኋላ ነው። በዚያ መስመር ስማቸው የገነነው የበቀለ ሞላ ሆቴሎች ለብዙ የከተማ ልጅ የመጀመሪያው «ከቤት ውጭ ማደር» ነበሩ።

ወቅቱን የሚወስኑት ክረምትና ጾም

የትምህርት ቤት ረጅም ዕረፍት የሚውለው ዝናቡ በሚያይልበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ልጆች ነጻ ሲሆኑ ሰማዩ ይዘጋል፤ ሰማዩ ሲገለጥ ልጆች ክፍል ገብተዋል። የደመወዙ ነገር ተጨምሮበት የሁለትና የሦስት ሳምንት የቤተሰብ ዕረፍት እዚህ አገር ሥር አልያዘም። ሽርሽሩ በበዓላት ዙሪያ ተቆራርሶ ይወጣል፦ ከመስቀል በኋላ፣ በገናና በጥምቀት መካከል፣ ለሙስሊሙ ደግሞ በዒድ ማግሥት።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጉዞው ይቀዘቅዛል። ሥጋ በሌለበት፣ ብዙ ሰውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚጾምበት ሳምንት ማን ይሸራሸራል? ፋሲካ ሲፈታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የሆቴል አልጋና የኮንትራት መኪና የሚጠፋው ያኔ ነው። ሚያዝያና ግንቦት የሰርግም ወር በመሆኑ፣ ከመልስና ከቅልቅል የተረፈው ዘመድ ተሰብስቦ ሳይበተን ቢሾፍቱ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው።

መዋጮ፣ መኪና፣ ስንቅ

ጉዞ የሚነሳው በአንድ ቆፍጣና ሰው ነው። በብዙ ቤተሰብ ይህች ሰው አክስት ወይም ታላቅ እህት ናት፤ ስም የምትይዘውም፣ ገንዘብ የምትሰበስበውም፣ «ነገ እከፍላለሁ» የሚለውን የምታሳድደውም እሷ ነች። ዛሬ ይህ ሥራ በቴሌግራም ግሩፕ ቢሠራም ክርክሩ ያው ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግማሽ ይከፍላል ወይስ ጭን ላይ ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። ለአንድ ቤተሰብ ሚኒባስ ይበቃል፤ ለማኅበርና ለመሥሪያ ቤት ጓደኞች ኮስተር ይያዛል። የሹፌሩ ምሳ ከመዋጮው ይወጣል፤ ይህን የረሳ ቡድን ሲመለስ የሹፌሩን ፊት ያያል።

መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተብሎ ይነገራል። ያ ማለት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መኪናው መገናኛ አንዱን፣ ሳሪስ ሌላውን ሲያነሳ፣ ቃሊቲ ላይ ደግሞ የተረሳ ከሰል ሲገዛ ፀሐይዋ ከፍ ትላለች።

ስንቁ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ነው። ድፎ ዳቦው ይቆረሳል፣ ዶሮ ወጡ ከነድስቱ በፎጣ ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ሥር ይቀመጣል፣ ለቁርስ የሚሆነው ፍርፍር በፔርሙስ ሳህን ይያዛል። ዳቦ ቆሎና ቆሎ ለመንገድ። ከሁሉ በላይ የማይቀረው የቡናው ዕቃ ነው፦ ጀበና፣ ማንደጃ፣ ረከቦት፣ ሲኒ፣ ዕጣን ማጨሻ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቄጠማ። ሐይቅ ዳር ሣር በሞላበት ቦታ ቄጠማ ይዞ መሄድ ለምን እንዳስፈለገ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ማንም አይጠይቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ ትልልቆቹ ከጥላው ሥር አይነሱም። ልጆቹ በአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ወንዶቹ ኳስ ወይም ካርታ ይጫወታሉ።

ስንቅ ባይዝም ተጓዥ አይራብም። ዱከም፣ ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጥሬ ሥጋ የታወቀች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ሥጋው ተሰቅሎ ይታያል፤ ደንበኛው ከየትኛው ብልት እንደሚፈልግ በጣቱ ያሳያል፣ ተመዝኖ ግማሹ ቁርጥ፣ ግማሹ ጥብስ ሆኖ ይመጣል። ሂሳብ ሲቀርብ የሚነሳው ግርግር ከጉዞው ሥርዓት አንዱ ነው፦ «እኔ ልሙት አትከፍልም»፣ «በሞቴ እጅህን ሰብስብ»። መዋጮ እያለ እንኳ ለክብሩ ሲል ከኪሱ ልክፈል የሚል አንድ አጎት አይጠፋም።

ወዴት ይኬዳል

ቢሾፍቱ በቅርበቷ ቀዳሚ ናት። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተጠራቀሙ ሐይቆች የተከበበች ናት፦ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ አረንጓዴ ሐይቅ። ሆራ አርሰዲ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ስፍራ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ከተማዋ ለሌላ ጉዞ አትመችም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ቢሾፍቱን የግማሽ ቀን ጉዞ አድርጓታል። ሐይቅ ዳሩን ግን አብዛኛውን ሪዞርቶች ይዘውታል፤ በነጻ ሣር ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው።

ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለ ፍልውሃ ነው። አረጋውያን ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ልጆች ለመዋኛ ገንዳው ይመጣሉ፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ቀን የሚደሰትበት እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። ጦጣዎቹ የታወቁ ሌቦች ናቸው። ሳንድዊች ከሕፃን እጅ ነጥቀው ዛፍ ላይ ቁጭ ብለው ይበላሉ።

ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ነው። ውሃው በተንሳፈፈ ደለል ምክንያት ሻይ በወተት የመሰለ መልክ አለው፤ መጀመሪያ ያየ ሰው ቆሻሻ መስሎት ያፈገፍጋል። ሆኖም ከቢልሃርዝያ ነጻ መሆኑ ስለሚታመንበት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል በዋና የሚመረጠው እሱ ነው። ድንኳን ተክሎ፣ እሳት አንድዶ ማደር የለመደ ወጣት ሁሉ ትምህርቱን የጀመረው እዚሁ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ የአቢያታ–ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ አቢያታ ደግሞ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት በሚጠለፈው ውሃ የተነሳ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ቀድሞ መኪና አቁመው ፍላሚንጎ ያዩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ብዙ በእግራቸው መሄድ አለባቸው።

ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ማደር ግድ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ያልሄደ ሐዋሳን አላየም ይባላል። ጀልባዎቹ ሌሊት ያጠመዱትን ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲጠጉ፣ ልጆች ዓሣውን በፍጥነት ይገፍፉታል፤ ቆዳውን በጥርሳቸው ነክሰው የሚልጡትም አሉ። አጥንቱና አንጀቱ ሲጣል አባ ኮዳዎቹ፣ ራሰ በራዎቹ ትልልቅ አሞራዎች፣ ከሰው መካከል ተጋፍተው ይቀማሉ። ደፋሩ ተጓዥ እዚያው ጥሬ ዓሣ በዳጣ ይበላል፤ ሌላው ለብለብ ወይም ጉላሽ ያዛል። ከቁርስ በኋላ ጀልባ ተከራይቶ ጉማሬ ፍለጋ ይኬዳል። ሲመለሱ መቂና ባቱ ላይ መኪና ቆሞ ሽንኩርትና ቲማቲም በሣጥን ይጫናል፤ ያኔ ስንቅ ተሸክሞ የወጣው መኪና አስቤዛ ተሸክሞ ይገባል።

በስተ ምዕራብ ያሉት ብርዳማ ናቸው። በወልቂጤና በአምቦ መስመሮች መካከል፣ ከፍታ ላይ ያለው የወንጪ ሐይቅ በፈረስ ይወረዳል፤ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር እንዲለማ ከተመረጠ ወዲህ መንገዱና ማረፊያው ተለውጧል። የመናገሻ ሱባ ደን ለእግር ጉዞ፣ የአምቦ ፍልውሃ ለዋና ይኬድባቸዋል። በስተ ምሥራቅ፣ ቆላ ላይ ወዳለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ሳላ የተባለውን የዱር እንስሳ ለማየት ይኬዳል።

ጥንቃቄ

የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ እንደ ገደል የሚገባ ነው፤ ሁለት እርምጃ ከገቡ በኋላ ወለል የለም። ዋና የማይችል ብዙ በሆነበት አገር ይህ ትልቁ አደጋ ነው። ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፤ በሶደሬ በኩል አዋሽ ውስጥ አዞ አለ። ከአዳማ ወዲያ ያለው ቆላ ወባማ ስለሆነ አጎበር ለሚያድር ሰው ቅንጦት አይደለም። የሌሊት ጉዞን ደግሞ ቆፍጣናዋ አክስት አስቀድማ ትከለክለዋለች፤ ልክ ነች፤ መብራት የሌለው ጋሪና መንገድ የሚያቋርጥ ከብት ከጨለማ ጋር አይታይም።

የቅርብ ዓመታት ለውጥ

በአንዳንድ መስመሮች ያለው የጸጥታ ችግርና የነዳጅ ዋጋ ረጅሙን ጉዞ አሳጥረውታል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክና ሌሎቹ አዳዲስ የከተማ ፓርኮች የዚህን ክፍተት ከፊሉን ሞልተዋል። ያው እንጦጦ፣ ነገሥታቱ ወደ ታች ለመዝናናት የወረዱበት ተራራ፣ አሁን ሕዝቡ ለመዝናናት ሽቅብ የሚወጣበት ሆነ። ሌላው ለውጥ «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለው የሪዞርቶች ማስታወቂያ ነው። ለሃያ ሰው ከምግብ ዝርዝር ማዘዝ ብዙ ቤተሰብ የማይችለው ወጪ ስለሆነ ልማዱን ከሥሩ የሚነካው ከመንገዱ ርቀት ይልቅ ይህ ይመስላል። አንዳንዱ ከበር መልስ ግራር ሥር ስንቁን ጨርሶ ለዋናው ብቻ ይገባል።

ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ትልልቆቹን ጉዞዎች ያስነሳሉ። ባሕር ማዶ ያለውም ቤተሰብ የራሱን መሰብሰቢያ ፈጥሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ በተለያየ ከተማ የሚያካሂደው የእግር ኳስ ውድድር ከጨዋታው በላይ የዘመድ መገናኛ ነው። በየክፍለ ግዛቱ የተበታተኑ እህትማማቾች የሥራ ዕረፍታቸውን ለዚያ ሳምንት ያስቀምጣሉ፤ ከስታዲየሙ ውጭ በድንኳን ሥር እንጀራና ጥብስ ይሸጣል፣ ቡና ይፈላል፤ ብዙውም ሰው ማን እንዳሸነፈ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል።