«የስኪዞፍሬንያ ዘረመል» ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤተሰብ ውስጥ ውስጡን ያጣራል። ዝምድናው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ቀጥሎም «በዘራቸው የአእምሮ ሕመም አለ ወይ?» ይባላል። ባለፈው ጥር የጎረቤቴ ልጅ ጋብቻ የቀረው በዚህ ጥያቄ ነው፤ የእናቷ ወንድም ስኪዞፍሬንያ (አስተሳሰብን የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም) አለበት። «ዘረመሉ እሷም ውስጥ አለ» ተባለ። ቃሉ ሳይንሳዊ ይመስላል፤ አንድ ተለይቶ የሚታወቅ የስኪዞፍሬንያ ዘረመል ግን የለም።

ሳይንቲስቶችም ብዙ ዘመን ፈልገውታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1988 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በአንድ እትም ሁለት ጥናት አወጣ። አንዱ በአይስላንድና በእንግሊዝ ቤተሰቦች ላይ ተሠርቶ የሕመሙ መነሻ አምስተኛው ክሮሞሶም (ዘረመሎችን የያዘ ክር) ላይ እንዳለ ገለጸ። ሌላው ያንኑ ቦታ በሰሜን ስዊድን አንድ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ፈትሾ ምንም አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ብዙ የዘረመል ስሞች ተነሡ፣ ሲደገሙም ጠፉ። ከስኮትላንድ አንድ ቤተሰብ የተገኘው ዲስክ-1 የተባለ ዘረመል ጉድለት በዚያ ቤት በእርግጥ ከሕመሙ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ በሌላው ሕዝብ ላይ ግን ብዙም ፍሬ አላስገኘም። በ2015 እንዲህ ስማቸው የገነነ 25 ዘረመሎች እንደገና ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ ከሕመሙ ጋር ግልጽ ግንኙነት አልተገኘባቸውም።

ለምን? ጣናን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ወደ ሐይቁ ከ40 በላይ ወንዞችና ጅረቶች ይፈስሳሉ። ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ግልገል ዓባይን የሚያህል አንድ ዘረመል ነበር። ያለው ግን ስም የሌለው ቀጭን ጅረት ነው፣ በብዙ መቶዎችና ከዚያም በላይ የሚቆጠር፤ እያንዳንዱ ተጋላጭነትን የሚጨምረው በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ጅረት ጥቂት መቶ ሰዎችን ይዞ መለካት አይቻልም። በዚያ ላይ ዕድል ያታልላል፦ ምንም ግንኙነት የሌላቸው 100 ዘረመሎች በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ቢፈተሹ፣ አምስቱ ያህል በአጋጣሚ ብቻ «ተገኘ» ያሰኛሉ። የሚታተመውም ብዙ ጊዜ «ተገኘ» ያለው ነው።

መልኩ የተለወጠው ናሙናው ሲሰፋ ነው። በ2014 ወደ 37,000 በሚጠጉ ሕሙማን 108 የክሮሞሶም ቦታዎች ተለዩ። በ2022 ሕሙማኑ 76,755 ደረሱ፤ ቦታዎቹም 287። እንደ ግልገል ዓባይ የሚቆጠር ብርቅ ነገርም አለ፦ ከ22ኛው ክሮሞሶም አንዲት ቁራጭ የጎደለችባቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ እንዲህ ዓይነት ሕመም ይይዘዋል። ይህ ግን በጣም ጥቂት ሰዎችን የሚመለከት ነው።

አንድ ቁጥር ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። የስኪዞፍሬንያ የውርስ ድርሻ 80 በመቶ ገደማ ነው ይባላል። ይህ በሕዝብ መካከል ያለውን ልዩነት የሚመዝን እንጂ «የታማሚ ልጅ 80 በመቶ ይታመማል» ማለት አይደለም። ዘረመላቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ቢበዛ ግማሽ ያህል ጊዜ ነው።

የእኛ ሰው በነዚህ ጥናቶች ውስጥ እጅግ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። አብዛኛው መረጃ የአውሮፓውያን ስለሆነ፣ ከዚያ የሚሰላው የተጋላጭነት ነጥብ (የብዙ ዘረመሎች ድምር ግምት) አፍሪካ ውስጥ ይደክማል። ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ናሙና የሰበሰበው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። በቆዩት የአውሮፓ የቤተሰብ ጥናቶች መሠረት አጎቱ ወይም አክስቱ የታመመበት ሰው የመታመም ዕድሉ ከመቶ 4 ያህል ነው፤ የማንኛውም ሰው ደግሞ ከመቶ 1 ያህል። ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ያህል የታመመ እናትም አባትም የላቸውም።