ኮምፒውተሩ አይሳቀቅም

ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ጓደኞቼ ሥራዬን ይጠይቁኛል። «በሽታ ተከላካይ ሴሎችን በኮምፒውተር አጠናለሁ» ስል ክርክሩ ይጀመራል። ደጋግመው የሚሉኝን እነሆ።

«ኮምፒውተር ካለ ላብራቶሪ ምን ያደርጋል?»

ኮምፒውተሩ የሚያየው ከላብራቶሪ የመጣለትን ብቻ ነው። ደም ቱቦ ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ ሴሎቹ ይጨነቃሉ፤ የጂኖቻቸው ሥራ ይለወጣል። የታማሚው ደም ጠዋት ተቀድቶ ማታ ቢሠራ፣ የጤነኛው ደግሞ ወዲያው ቢሠራ፣ የምናገኘው ልዩነት የበሽታው ነው ወይስ የመዘግየቱ? ፕሮግራሙ ግን ግድ የለውም። ባለቀለም ቆንጆ ሥዕል ያወጣል።

«ነጭ የደም ሴል ቁጥሩ ከታወቀ አለቀ።»

እዚህ ላይ ነው የምሟገተው። በጥገኛ ተሐዋሲ የሚመጣውን ካላዛር የተባለ በሽታ እንውሰድ። ወጣቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማ ይወርዳል፤ የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ከወራት በኋላ ከስቶ፣ ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ ጎንደር ይመጣል። ጥገኛ ተሐዋሲው የሚኖረው የት መሰላችሁ? ማክሮፌጅ ውስጥ፤ ማለትም ውጦ ሊገድለው በተፈጠረው ሴል ውስጥ! ሌባው ዘበኛው ቤት ገብቶ እንደተኛ በሉት። ታዲያ ዘበኛ መቁጠር ምን ይፈይዳል? ዘበኛው ምን እየሠራ እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለበት።

ለዚህ የእያንዳንዱን ሴል አርኤንኤ፣ ማለትም የትኛው ጂን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የጂን ቅጂ፣ እናነባለን። ውጤቱ ግዙፍ ሠንጠረዥ ነው፦ በአንድ በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች፣ በሌላው 20,000 ገደማ ጂኖች። አብዛኛው ሳጥን ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ጂኑ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ስቶት ነው። ስለዚህ የሚመሳሰሉ ሴሎችን በቡድን ሰብስበን አንድ ላይ እናያቸዋለን።

«የጤነኛ ሰው ደም የትም አንድ ነው።»

አይደለም። በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲዲ4 የሚባሉት በሽታ ተከላካይ ሴሎቻቸው ቁጥር ከአውሮፓውያን ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። የመተማን ታማሚ ከአምስተርዳም ጤነኛ ጋር ካወዳደርን ያልታመመውን ነገር ታመመ እንላለን። ጤነኛውም ከዚያው ከመተማ ይምጣ።

«ሱፐር ኮምፒውተር ያስፈልጋል።»

ለጥቂት ሺህ ሴሎች 16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። የምንጽፍባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ አር እና ፓይተን፣ ነጻ ናቸው። የእኔ ራስ ምታት መብራት ነው። አንዴ የሌሊቱን ሥራ ሊነጋ ሲል ቀጥ አድርጎብኝ፣ ከዚያ ወዲህ በየደረጃው ሴቭ አደርጋለሁ።