ብርማው ሞስ፦ የአዲስ አበባ የድንጋይ ሽበት

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትወርዱ በኮብልስቶኑ መጋጠሚያ ላይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። አመድማ አረንጓዴ፣ ጥቅጥቅ ያለች ምንጣፍ ታገኛላችሁ። ብርማ ሞስ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ብሪየም አርጀንቲየም ነው።

«የድንጋይ ሽበት» የሚለው የአማርኛ ስም ሞስንም ላይከንንም (ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚሠሩትን ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ነገር) ያጠቃልላል። ለዚህች ግን በልኳ የተሰፋ ነው። «አርጀንቲየም» በላቲን ብርማ ማለት ነው፤ የእኛ ሰው ሽበት አለው። ምክንያቱ አንድ ነው። የቅጠሏ ጫፍ ክሎሮፊል (ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ቀለም) ስለሌለው ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል።

ቁመቷ ብዙ ጊዜ 1 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ቅጠሎቿ ግንዷ ላይ እንደ ሹሩባ ተደራርበው ይተኛሉ። እውነተኛ ሥር የላትም፤ ድንጋዩን የምትይዘው በቀጫጭን ክሮች ነው። ውሃም የምትጠጣው በቅጠሏ ነው። በየካቲት ፀሐይ ክው ብላ ስትደርቅ የሞተች ትመስላለች። ከያዛችሁት ሃይላንድ ጥቂት ጠብ አድርጉባትና ቆዩ። በደቂቃዎች ውስጥ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ይዞራል። በጋውን የምታልፈው በዚህ ብልሃት ነው።

ወንዴና ሴቴዋ ለየብቻ ይበቅላሉ። የወንዴው ህዋስ በውሃ ዋኝቶ ነው ሴቴዋ ጋ የሚደርሰው። ስዊድን ያሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. በዚህችው ሞስ ላይ ባደረጉት ሙከራ ደግሞ ጥቃቅን ነፍሳትም ህዋሱን እንደሚያደርሱ አሳይተዋል። ንብ ለአበባ የምትሠራውን ማለት ነው። ቁርጥራጯም ከጫማ ሶል ጋር ሄዶ ሌላ ቦታ ይበቅላል።

አንታርክቲካን ጨምሮ በሁሉም አህጉር ትገኛለች። ሰው የሚረግጠውን ክፍት ቦታ ትወዳለች፦ የአስፋልት ጠርዝ፣ የአጥር ሥር፣ አሸንዳ የሚያንጠባጥብበት ሲሚንቶ። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው፣ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኘው አዲስ አበባ ተስማምታታለች። በሰው እግር የመጣች ናት የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን ከተማዋ ሳትቆረቆርም እዚሁ የነበረች ይመስለኛል።

ስሟ የጸደቀው ሄድዊግ የተባለ ጀርመናዊ የሞስ አጥኚ ከሞተ በኋላ በ1801 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ነው። በእኛ አገር ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተለፋበት፣ የአራት ኪሎው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማከማቻ) የሚኮራበት ባለ 8 ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ፣ ማለትም የአገር ተክሎች መዝገብ፣ ታላቅ ሥራ ነው። የያዘው ግን ዘር ያላቸውን ተክሎችና ፈርኖችን ነው። ሞሶች አልገቡበትም። የዚያው ግቢ ተማሪዎች በየቀኑ እየረገጧት ነው ክፍል የሚገቡት።